ሳላይ የፈረምኩት ትእዛዝ

በሃያ ሰባት ዓመቴ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ንግድ ትምህርት ቤት በማዕረግ ጨርሻለሁ፤ እንግሊዝኛ አሳምሬ እጽፋለሁ፤ ከረባቴን ያለ መስታወት አስራለሁ። በዚያ ላይ ወተት ከገበሬ ሰብስቦ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት በገባሁ በሁለት ዓመቴ የመሰብሰቢያ ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሾሞኛል። ከወንበሬ በስተጀርባ ትልቅ ካርታ ሰቅዬ ወተት የምንሰበስብባቸውን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በቀይ እርሳስ ከብቤአቸው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ተነስቼ በማስመሪያ እየጠቆምኩ አስረዳለሁ። ያኔ የሰማኝ ሰው ላሞቹን አንድ በአንድ በስማቸው የምጠራቸው ሳይመስለው አይቀርም።

እውነቱን ልናገርና፣ ከሦስቱ በአንዱም ረግጬ አላውቅም። ሱሉልታን ያየኋት በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ደብረ ሊባኖስ ልንሳለም ስንሄድ በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሜዳ መሆኗ ትዝ ይለኛል። ሌላ ምንም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አለቃ አለቃ ነው፤ ወረቀት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከታች ወደ ላይ አይወጣም። እኔም በዚህ ደስተኛ ነበርኩ።

ክረምቱ እንደገባ ከሱሉልታ የሚመጣው ወተት ቀጠነ። የሚመረምረው ባለሙያ መለኪያውን ነክሮ «ውሃ አለበት» የሚል ወረቀት በየቀኑ ይልክልኝ ጀመር። መዝገቡን አስመጣሁና በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። መዝገቡ ላይ የአርባ ሁለት ሴቶች ስም አለ። በየቀኑ መኪናው ጋ ወተት ይዘው የሚቀርቡት ግን ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ናቸው። የሌሎቹን እነሱ ናቸው የሚያመጡት። ሌባውን እጅ ከፍንጅ የያዝኩት መሰለኝ። ሰባት ሴቶች በአርባ ሁለት ስም ተሸሽገው ውሃ እየሸጡልን ነው አልኩ፤ ብቻዬን፣ ለራሴ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ።

ትእዛዙን የጻፍኩት በዚያው ከሰዓት በኋላ ነው። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እያንዳንዷ ወተት አቅራቢ የራሷን ወተት በራሷ ዕቃ ይዛ ራሷ ተገኝታ ታስረክባለች። በሌላ ሰው እጅ የሚላክ ወተት አይወሰድም። ሦስት ቀን በተከታታይ ያልተገኘች ከመዝገብ ትሰረዛለች።» ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። ዋና ሥራ አስኪያጁ አንብቦ «እንዲህ ያለ ቆራጥ ሰው ነው የሚያስፈልገን» አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት እያፏጨሁ ነበር።

የሱሉልታን ወተት የሚያመጡት ሾፌር ባሻ ተሰማ ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የድሮ ወታደር ናቸው። እዚያው ሱሉልታ አጠገብ ስለተወለዱ ኦሮምኛው እንደ አማርኛው ነው። ትእዛዙ ከወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሆኖት፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቢሮዬ ገቡ።

«አቶ ታምሩ፣ ስለዚያ ስለ ሱሉልታ ጉዳይ ነበር» አሉ። «ሴቶቹ በመካከላቸው ደባሬ አላቸው…»

«ምንድን ነው ደሞ እሱ?»

«ተራ ማለት ነው ጌታዬ። የአንድ ሰፈር ሴቶች…»

ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። የተደወለበትን ምክንያት ዛሬ አላስታውሰውም፤ ይሄን ያህል ከባድ ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው። ስልኩን ስዘጋ ባሻ እዚያው ቆመዋል። ሰዓቴን አየሁና፣ «ባሻ፣ ሐሳብዎን በጽሑፍ ያቅርቡልኝ» አልኳቸው።

ባሻ ተሰማ እንደ ብዙ የዘመኑ ሰው ቄስ ዘንድ የተማሩ ናቸው። ማንበብ ይችላሉ፤ መጻፍ አይችሉም። ሁለት ዓመት አብሬአቸው ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር። «ይሁን» ብለው እጅ ነስተው ወጡ።

ሐምሌ ሲገባ የሱሉልታ ወተት በግማሽ ቀነሰ። ይባስ ብሎ የሚመጣውም ከበፊቱ የቀጠነ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ምክንያቱን ጠየቀኝ። ምክንያቱ ስንፍና እንደሆነ፣ እኔው ራሴ ሄጄ አንድ ሁለቱን በመቅጣት እንደማስተካክለው ነገርኩት። ሳላውቀው የተናገርኩት ትክክለኛ ነገር «ራሴ ሄጄ» የምትለዋ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ማለዳ ባሻ በመኪናቸው ከቤቴ በር ወሰዱኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ዓይናቸው ጫማዬ ላይ ቆመ። ጥቁር፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ነው።

«ቦቲ የለዎትም?»

«ለምን?»

«አይ፣ ጫማው አሳዝኖኝ ነው» አሉና ሞተሩን አስነሱ።

የእንጦጦን ጋራ በጉም ውስጥ ወጣን። ወዲያ ማዶ ስንወርድ ካርታዬ ላይ ነጭ ሆኖ የማውቀው ሜዳ ግማሽ በግማሽ ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ። መንገዱን ለቀን ሳር ላይ ገባንና አንዲት ብቸኛ ባሕር ዛፍ ሥር ቆምን።

«ጣቢያው የታለ?» አልኩ። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት፣ ቢያንስ አንድ ዳስ ነበር የጠበቅሁት።

«ይኸው» አሉ ባሻ፣ ዛፏን በአገጫቸው እያሳዩኝ።

ሴቶቹ ከየአቅጣጫው መምጣት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ቀሚሳቸው እስከ ጭናቸው ርሷል። ባሻ በኦሮምኛ «አካም ቡልታን!» እያሉ ሰላም ይሏቸዋል፤ እነሱም «ነጋ፣ ነጋ» እያሉ ይሰለፋሉ። እኔን «ከመሥሪያ ቤት የመጡ ጌታ ናቸው» ብለው አስተዋወቁኝ፤ ስሜን አልተናገሩም። እያንዳንዷ የያዘችው አንዲት ትንሽ ቅል ነው። አራት ሊትር፣ አንዳንዷ ሁለት ሊትር እንኳ አይሞላም። ለዚያች ነው የሁለት ሰዓት መንገድ በጭቃ የመጣችው።

ዝናቡ ጀመረ። ባሻ ትልቁን የወተት መያዣ ቢዶን ከፍተው እንደ ትሪ የሰፋውን ማጥለያ አፉ ላይ አስቀመጡ። አንዷ ቅሏን ትገለብጣለች፤ ባሻ ይለካሉ፤ ስሟን ፈልገው ምልክት ያደርጋሉ፤ ሌላዋ ትቀጥላለች። ሠላሳ ምናምን ሴት። አንድ ሰዓት አለፈ። ማጥለያው በዚያ ሁሉ ጊዜ አልተከደነም። በሰፊው አፉ ዝናቡን እየሰበሰበ ወደ ወተቱ ያወርዳል። ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ ዓይኔን ማመን አልፈለግሁም።

«ባሻ፣ ዝናቡ እኮ ወተቱ ውስጥ እየገባ ነው።»

«ይገባል ጌታዬ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ክረምቱን በሙሉ። ዱሮ ሰባቱ ሴቶች ሲመጡ ሩብ ሰዓት አይፈጅብንም ነበር፤ የሚገባውም ጥቂት ነው። አሁን ግን…» አሉና ወደ መዝገቡ ጎንበስ አሉ።

ውሃ የጨመረው ሰማይ ነበር። ሌባ ያልኳቸው ሴቶች ፊቴ ቆመው እየበሰበሱ ነው። ድምፄ ዝቅ አለና «ያ ደባሬ ያሉኝ ነገር ምንድን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ባሻ ቀና ብለው ትንሽ አዩኝ። ከዚያ በኋላ ቢሮዬ ውስጥ ቆመው ሊነግሩኝ የመጡትን፣ እኔ በስልክ ያቋረጥኳቸውን ነገር፣ እጃቸው ሥራውን ሳይለቅ ነገሩኝ። የአንድ መንደር ስድስት ሰባት ቤቶች ጠዋት ጠዋት አንድ ደጅ ላይ ይገናኛሉ። የሁሉም ወተት ሁሉም እያዩ ይለካና ወደ አንድ ትልቅ ዕቃ ይገለበጣል። የዕለቱ ባለ ተራ ብቻዋን ተሸክማው ትመጣለች፤ ሌሎቹ ወደ ልጃቸውና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የታመመች፣ አራስ የሆነች፣ ወሯ የገባ ሴት ተራ የለባትም። ሌሎቹ ይሸከሙላታል፤ ብድር ነው ብሎ የሚቆጥርም የለም።

«ውሃ የምትጨምርስ ብትኖር?» አልኩ።

«በስድስት ሴት ዓይን ፊት?» አሉ ባሻ። «ውሃ የሚጨመረው እኮ ብቻ ሲሆኑ ነው ጌታዬ።»

ያ ደባሬ የወተቱ ዘበኛ ነበር። ዘበኛውን ያባረርኩት እኔ ነኝ።

ሰልፉ ሲያልቅ ባሻ መዝገቡ ላይ ጣታቸውን አቁመው «ጫልቱ ዛሬም የለችም?» አሉ።

ጎረቤቷ ወርቄ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ቀጭን ሴት፣ ወደ ሜዳው ዞራ እያየች «ትመጣለች» አለች። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ወሯ ገብቷል፤ ሌሊቱን ወገቧን ይዟት ነው ያደረው። አትሂጂ ብዬ ለመንኳት። ስሜን ይሰርዙታል አለችኝ።»

«ታዲያ አንቺ ለምን አላመጣሽላትም?» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ምን እንደጠየቅሁ ገባኝ።

ወርቄ ግራ ገብቷት አየችኝ። «በሰው እጅ አይወሰድም ተባለ እኮ። አቶ ራሷ ነው ያዘዘው።»

«ማን?»

«አቶ ራሷ። ራሷ ትምጣ፣ ራሷ ትያዝ፣ ራሷ ትስጥ የሚለው ሰውዬ። ከተማ ነው ያለው አሉ።» ሴቶቹ ሳቅ አሉ። ባሻ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዞሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን በዚያች ቅጽበት ጋለብኝ።

«ብትሰረዝስ ምን ትሆናለች?» አልኩ ዝግ ብዬ።

«የምንቆፍረው መሬት የጌታ ነው» አለች ወርቄ። «እህሉን ይካፈሉናል። የማይካፈሉን ወተቷን ብቻ ነው። ክረምት ላይ ጎተራው ሲያልቅ ወተቷ ናት ቤቱን የምታቆመው።»

ይህን ስትነግረኝ ከሴቶቹ አንዷ «ያቻትና!» አለች።

ወንዙ ከዛፏ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል። ካርታዬ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነው፤ በበጋ የተሳለ ካርታ ስለሆነ። ሌሊት ጋራው ላይ የዘነበው ዝናብ ወርዶ ሞልቶ ነበር። ቀደም ብለው የተሻገሩትን ሴቶች ውሃው የደረሰባቸው እስከ ጭናቸው ነበር፤ አሁን ግን እያየነው ይጨምራል። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት ቅሏን በጀርባዋ አዝላ ዳር ላይ ቆማለች። ሆዷ ከሩቅ ይታያል።

«ትመለስ! ባሻ፣ ትመለስ በሏት!» አልኩ።

«ጫልቱ! ዴቢኢ! ዴቢኢ!» ብለው ባሻ ጮኹ። ሴቶቹም አብረው ጮኹ። ጫልቱ ቅሏን ከጀርባዋ አወረደች፤ በሁለት እጇ ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች።

ሁላችንም ሮጥን። አዲሱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አንደኛው እግሬ በካልሲ ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ መሐል ደርሳለች፤ ውሃው ወገቧ ላይ ነው። አንድ እርምጃ፤ ትቆማለች። አንድ እርምጃ፤ ትቆማለች። ከዚያ አንድ እግሯ ከዳት። እስከ ደረቷ ሰጠመች፤ ሁለት እጇ ግን ቅሏን ይዘው ወደ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ። ባሻ ካፖርታቸውን ጥለው ገቡ። ያ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው! እኔ ዋና አላውቅም። ዳር ላይ ቆሜ እጄን አጨበጭብ ነበር፤ ለምን እንዳጨበጨብኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባሻ ከዳር ያነሱትን ዱላ ዘረጉላት። በአንድ እጇ ያዘችው። ሌላው እጇ ያንን ቅል አልለቀቀም። ጎትተው አወጧት።

እፎይ አልን። አንዳንዶቹ እልል አሉ። እሷ ግን ለማንም ሳትናገር ቀጥ ብላ እስከ ዛፏ ተራመደች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። መዝገቡ መኪናው ጫፍ ላይ ነበርና ቀድሜ ሄጄ አጠገቡ ቆሜአለሁ። ጫልቱ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ቅሏን ወደኔ ዘረጋችና፣

«ጻፉኝ» አለች።

እርሳሱን አንስቼ ስሟ ፊት ምልክት አደረግሁ። ምልክቱን አየች። እርግጠኛ ስትሆን ዛፏ ሥር ቁጭ አለች፤ ከዚያም ጎኗን ይዛ ጋደም አለች። ወርቄ ጎንበስ ብላ ቀሚሷን ገለጥ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ። ከቀሚሷ የሚወርደው የወንዝ ውሃ ቀልቶ ነበር።

«ሊወለድ ነው?» አልኩ።

«እንዲህ ሆኖ አይወለድም» አለች ወርቄ። «ደም ነው። ሐኪም ቤት አድርሷት። በዋቃ ይዣችኋለሁ፣ አሁኑኑ!»

በቢዶኖቹ መካከል ሸራ አንጥፈን አስተኛናት። ወርቄ ጭንቅላቷን ታፋዋ ላይ አደረገች፤ እኔም አጠገባቸው ወጣሁ። ባሻ ሞተሩን አስነሱ። መኪናው አጓራ፤ ጎማው ሳሩን ቆፍሮ ቁጭ አለ። ሴቶቹ ገፉ። ከባሕር ዛፏ ቅርንጫፍ ገንጥለው ከጎማው ሥር ከተቱ። ይባስ ሰመጠ።

ባሻ ወርደው አዩና «ጭነቱ ከብዷል። ቢዶኖቹ ይውረዱ» አሉ። አንዱን ለማውረድ ሞከርን፤ አራት ሰው ይፈልጋል።

«ይደፋ!» አልኩ።

ባሻ በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም።

«ይደፋ ወተቱ! ሁሉም!»

የመጀመሪያውን እኔው ነኝ ያጋደልኩት። ሌሎቹን ሴቶቹ እየወጡ ገለበጡ። በዝናብና በጭቃ ያመጡትን፣ ልጆቻቸውን ከልክለው ያመጡትን ወተት በገዛ እጃቸው ደፉት። አንዲትም «ወተቴን» ያለች የለችም። መሬቱ ነጭ ሆነ፤ ወዲያው ጭቃው ዋጠው። መኪናው ቀለል ሲለው ሴቶቹ «ሆ!» ብለው ገፉትና ወጣ።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስነው ልነግራችሁ አልችልም። ዳገቱ ላይ ጉም ነበር፤ መኪናው እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ይወጣል። ሸራውን በሁለት እጄ ወጥሬ ዝናቡን ልከልልላት እሞክራለሁ። ወርቄ በኦሮምኛ ታዋራታለች። ጫልቱ አንድ ጊዜ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«ሲጮሁ ሰምቻለሁ» አለች በአማርኛ፤ ጥፋቷን እንደምትናዘዝ ሁሉ። «ብመለስ ይሰርዙኛል ብዬ ነው።»

«አይሰርዙሽም» አልኳት። «ማንም አይሰርዝሽም። አይዞሽ።»

«ጽፈውኛል አይደል?»

«ጽፌሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

እኔ ማን እንደሆንኩ አታውቅም ነበር። ልንገራት፣ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ ወርቄን አይቼ መልሼ ዘጋሁት። ፈሪ ነበርኩ። ሲሻላት እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ዕዳዬ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ወሰዷት። ወርቄና እኔ መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ አንድ እግሬ ያለ ጫማ ነው፤ ከልብሳችን የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉን አራሰው። ባሻ በሩ ጋ ቆመው ይጸልያሉ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሐኪሙ ወጣ። መጀመሪያ ወደኔ መጣ፤ ከረባት ያሰርኩት እኔ ነኛ።

«ልጁ ቀድሞ ሞቷል» አለ። «እሷንም ልናተርፋት አልቻልንም። እንዲህ ሆና መንቀሳቀስ አልነበረባትም። ከቤት እንድትወጣ ማን ፈቀደላት?»

ባሻ አንገታቸውን ደፉ። የወርቄ ጩኸት ያንን መተላለፊያ ሞላው።

በመጣችበት መኪና፣ በዚያው ሸራ፣ በባዶዎቹ ቢዶኖች መካከል ይዘናት ተመለስን። ሴቶቹ ከዛፏ ሥር አልሄዱም ነበር። ባሻ ቀስ ብለው ሲነዱ ከሩቅ አይተው ገባቸው፤ አንድ ላይ ጮኹ። ወንዙ ወዲያ ማዶ ባሏ ቶሎሳ ቆሟል። መሻገር አይቻልም። ሰውዬው ውሃው እስኪጎድል ድረስ፣ ሚስቱ ከወዲህ እሱ ከወዲያ ሆነው፣ ቆሞ ጠበቃት። ወደ አመሻሹ ላይ በቃሬዛ አሻገሯት።

በማግስቱ ትእዛዙን ሻርኩ። ዛፏ ሥር ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ አሠራሁ፤ ሁለት ቀን እንኳ አልፈጀም። ደባሬው ተመለሰ፣ ወተቱም ወፈረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሥራ አስኪያጁ ያቀረብኩለትን ጽሑፍ አንብቦ «የሚያሳዝን አጋጣሚ ነው፤ ትእዛዙ ግን በመሠረቱ ትክክል ነበር» አለ። ያን ጊዜ ከልቤ ጠላሁት። ቆይቼ ሳስበው የጠላሁት የራሴን ድምፅ ከሱ አፍ ስለሰማሁ ነው።

ከዚያ በኋላ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ብዙ ዓመት አለቃ ሆኜ ኖሬአለሁ። ብዙ ወረቀት ፈርሜአለሁ። ወረቀቱ የሚነካውን ሰው ሥራው ላይ ሳላየው ግን አንድም አልፈረምኩም። የበታቾቼ «ሽማግሌው ደግሞ ጫማውን ሊያቆሽሽ ወጣ» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ነገ ወንበር ላይ የምትወጡ አላችሁ፤ ዛሬም የወጣችሁ አላችሁ። መዝገብ አይዋሽም ይላሉ። እውነት ነው፣ የኔም መዝገብ አልዋሸም፤ አርባ ሁለት ስም፣ ሰባት ሴት፣ ቀጭን ወተት፣ ሁሉም ልክ ነበር። ዝናቡን ግን አልጻፈውም። ወንዙንም አልጻፈውም። እሱን ለማየት እግር ያስፈልጋል። ሰው ቆቡን ይዞ በራችሁ ሲቆምም ስልኩ ይጩህ፤ ተዉት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለመናገር ስለሚከብደኝ ነው ወደ መጨረሻ የገፋሁት።

በሠልስቱ ቀን ከባሻ ጋር ለቅሶ ሄድኩ። ሱሪያችንን ጠቅልለን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወንዙን ተሻገርን። የጫልቱ አማት አዴ ጂፋሬ ጫልቱ ትታው የሄደችውን የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ስገባ ለቅሶኛው ተነሳልኝ። ከፍ ያለ ቦታ ለቀቁልኝ። ወርቄ ለሁሉም ነግራለች፦ ወተቱን ያስደፋው፣ ዝናብ የከለለላት፣ እስከ መጨረሻው ያልተለያት ጌታ ይህ ነው ብላ። ቶሎሳ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አዴ ጂፋሬ መረቁኝ። በኦሮምኛ ስለሆነ ቃሉ ሁሉ አልገባኝም፤ ምርቃት መሆኑ ግን ይገባል።

መታገሥ አልቻልኩም። «ባሻ፣ ይንገሩልኝ» አልኩ። «ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አቶ ራሷ እኔ ነኝ።»

ባሻ «ይተዉት ጌታዬ፣ ዛሬ ይተዉት» አሉ በሹክሹክታ።

«ይንገሩልኝ።»

ነገሩልኝ። ወርቄ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቶሎሳ ቀና ብሎ አየኝና ተነስቶ ወጣ። አዴ ጂፋሬ የልጁን አፍንጫ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ ቀስ ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ካንተ ቢሮ እስከዚህ ሩቅ ነው?»

«አይደለም እናቴ» አልኩ። «በመኪና አንድ ሰዓት ነው።»

«እንግዲያ» አሉ፣ «አንድ ቀን መጥተህ ብትጠይቀን እኮ እንነግርህ ነበር።»

እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ናቸው «በቃ፣ በቃ» ብለው ያስተዉኝ።